እህቴ የሐሞት ቱቦ ጠጠር በኢንዶስኮፒ ይውጣላት ተባለ፤ ምክራችሁን

ታላቅ እህቷ፦
ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ታናሽ እህቴ 27 ዓመቷ ነው፤ ከወለደች አራት ወር ሆኗታል። ቀኝ ጎኗን፣ ከጎድኗ ሥር፣ እየቆረጣት ጨጓራ ነው ተብላ መድኃኒት ስትወስድ ቆየች። አሁን ዓይኗ ቢጫ ሆነ፣ ሽንቷም ጠቆረ። በአልትራሳውንድ የሐሞት ከረጢቷ ጠጠር እንዳለበት ታየ። ኤምአርሲፒ (የሐሞት ቱቦን የሚያሳይ የኤምአርአይ ምርመራ) ስትነሳ ደግሞ ቱቦው ውስጥም ተገኘ። መጀመሪያ ኢአርሲፒ (የቱቦውን ጠጠር በኢንዶስኮፒ ማውጣት)፣ ከዚያ ከረጢቱን የማውጣት ኦፕራሲዮን ይሠራላታል አሉን። ለምን ሁለት ጊዜ? በዚህ ዕድሜዋስ አይጎዳትም? እማዬ ደግሞ የወፍ በሽታ ነው፣ ቅጠል ይሻላታል ትላለች።

ሩት ከቨርጂኒያ፦
አይዞሽ እህቴ። እኔንም የያዘኝ ከወሊድ በኋላ ነው። የእርግዝና ሆርሞን ሐሞት ውስጥ ኮሌስትሮል ያበዛል፣ ከረጢቱም በደንብ አይጨመቅም። ኢአርሲፒው ሲሠራልኝ ተኝቼ ስለነበር ምንም አላወቅኩም። ሲያልቅ ጉሮሮዬን ትንሽ አመመኝ፣ በቃ።

ሲስተር፣ ኢንዶስኮፒ ክፍል፦
ሁለቱ ሥራ ለየቅል ነው። ኢንዶስኮፑ፣ ማለትም ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ፣ በአፍ ገብቶ፣ ጨጓራን አልፎ፣ የሐሞት ቱቦ አንጀት ውስጥ ከሚከፈትበት ቀዳዳ ይደርሳል። ሐኪሙ በራጅ እያየ ቀዳዳውን ትንሽ ይሰነጥቀዋል፤ ጠጠሩን በፊኛ ወይም በሽቦ ቅርጫት ስቦ ያወጣዋል። ጠጠር የሚሠራው ከረጢት ግን እዚያው ነው፤ ኦፕራሲዮኑ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ስለ ዕድሜዋ መጠየቅሽ ልክ ነው። ትልቁ ስጋት የቆሽት መቆጣት ነው። በአጠቃላይ ከ100 ታካሚ ከ3 እስከ 10 ያህሉን ያጋጥማል፤ ወጣት ሴቶች ላይ ደግሞ ይበዛል። አብዛኛው ቀላል ነው፣ አልፎ አልፎ ግን ይከብዳል። ስለዚህ ለማየት ብቻ ተብሎ ኢአርሲፒ አይሠራም፤ አስቀድማ ኤምአርሲፒ መነሳቷ ጥሩ ነው። በፊንጢጣ የሚሰጥ 100 ሚሊግራም ኢንዶሜታሲን ወይም ዳይክሎፌናክ ስጋቱን ይቀንሳል። ይሰጣት እንደሆነ ሐኪሟን ጠይቂ። ለእነዚህ መድኃኒቶች አለርጂ ወይም የኩላሊት ችግር ካለባት አስቀድመሽ ተናገሪ።

ታላቅ እህቷ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ዓይኗ ከጠራ በኋላ ኦፕራሲዮኑን ለዓመት ማቆየት አይቻልም? ልጇ ገና ይጠባል።

የአዳማው፦
እባካችሁ አታቆዩ። ወንድሜ ሲሻለው ኦፕራሲዮኑን ፈርቶ ተወው። ቁርጠቱ ተመልሶ ድንገተኛ ክፍል ገባ።

የቀዶ ሕክምና ሬዚደንት፦
እኔም ማቆየቱን አልመክርም። ቢቻል ሆስፒታል ተኝታ እያለች፣ ካልሆነ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቢሠራላት ይሻላል። በላፓራስኮፒ (በትንንሽ ቀዳዳዎች በካሜራ እየታየ) ከሆነ ቶሎ ታገግማለች። ከማደንዘዣው በደንብ ከነቃች ብዙውን ጊዜ ማጥባት ትችላለች፤ ለማደንዘዣ ባለሙያው ግን ቀድማ ትንገረው።

ስቴንት (ሐሞት እንዲፈስ የሐሞት ቱቦው ውስጥ የሚቀመጥ ትንሽ ቀሰም) ከገባላት የሚወጣበትን ቀን በጽሑፍ ተቀበሉ። ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ነው። የፕላስቲኩ ዓይነት በወራት ውስጥ ይደፈንና ኢንፌክሽን ያመጣል።

እማዬን በትሕትና አስረዷቸው። በጠጠር የተዘጋን ቱቦ ቅጠል አይከፍተውም፤ አንዳንዱ ቅጠል እንዲያውም ጉበት ይጎዳል። ከቢጫነቱ ጋር ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ ቱቦውን ኢንፌክሽን ሳይዘው አልቀረም፤ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት። ከኢአርሲፒው በኋላም ወደ ጀርባ የሚዘልቅ ከባድ የሆድ ሕመም፣ የማይቆም ትውከት ወይም ጥቁር ሰገራ ካለ እንደዚያው አድርጉ።

ሲስተር፣ ኢንዶስኮፒ ክፍል፦
አንድ ነገር ልጨምር። ከምግብ ለስንት ሰዓት እንደምትጾም ከክፍሉ ጠይቁ። የደም ማቅጠኛ የምትወስድ ከሆነም ለሐኪሙ ቀድማችሁ አሳውቁ። ሕፃኑን የሚይዝላትና አብሯት የሚያድር ሰው ከወዲሁ አዘጋጁ።