ለቪዲዮ ኤዲቲንግ የትኛውን ራም ልግዛ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እህታችሁን እርዱኝ። የሠርግ ቪዲዮ ኤዲት አደርጋለሁ። የዴስክቶፔ ፕሮሰሰር ራይዘን 5 5600 ነው፤ ማዘርቦርዱ ቢ550፣ ዲዲአር4 የሚባለውን የራም ትውልድ የሚቀበል፣ አራት የራም ስሎት (መሰኪያ) ያለው። አሁን ያለኝ አንድ ፍሬ 8 ጊጋ፣ ፍጥነቱ 2666 ነው። ፕሪሚየር በሚባለው የኤዲቲንግ ፕሮግራም ላይ የሁለት ካሜራ ቪዲዮ ሳስገባ ቀጥ ይላል። ሱቅ ሄጄ ሁለት አማራጭ አሳዩኝ። አንዱ ፍጥነቱ 3200 ሲኤል16 (ሲኤል የመዘግየት ቁጥሩ ነው)፣ ሁለት ፍሬ ባለ 16 ጊጋ። ሌላው 3600 ሲኤል18፣ አንድ ፍሬ ባለ 16። ሻጩ «ፍጥነቱ ትልቅ የሆነውን ውሰጂ» አለኝ። ወይስ ዲዲአር5 ልግዛ?

መልስ፦ ዲዲአር5ን እርሺው፣ እህቴ። ዲዲአር4ም ዲዲአር5ም 288 ፒን (የብረት መገናኛ) አላቸው፤ ግን መሀል ላይ ያለችው ክፍተት ቦታዋ ስለሚለያይ ስሎትሽ ውስጥ አይገባም። በጉልበት እንዳትሞክሪ፣ ስሎቱ ይሰበራል።

መልስ፦ ፍጥነቱን ብቻ አትይ። ሲኤሉን በ2000 አባዝተሽ ለፍጥነቱ ስታካፍዪው መዘግየቱ በናኖሰከንድ ይወጣል። 16 በ2000 ተባዝቶ ለ3200 ሲካፈል 10 ነው። 18 በ2000 ተባዝቶ ለ3600 ሲካፈልም ያው 10። እዚህ ላይ እኩል ናቸው። ትልቁ ልዩነት ሁለት ፍሬ መሆኑ ላይ ነው። ሁለት ፍሬ ሲሆን ፕሮሰሰሩ በሁለት ቻናል (መስመር) ያነባል። ሁለቱ 3200 በሰከንድ እስከ 51.2 ጊጋባይት ያሳልፋሉ፤ ብቸኛው 3600 ግን 28.8 ብቻ። ለቪዲዮ ደግሞ 32 ጊጋ ያስፈልግሻል። ሁለቱን ፍሬ ውሰጂ!

መልስ፦ እስማማለሁ። 3600 ሲኤል16 ሁለት ፍሬ በተቀራራቢ ዋጋ ካገኘሽ ግን እሱ ይበልጣል፤ ለአንቺ ፕሮሰሰር ምርጡ ነው። 4000 እያሉ ለሚሸጡት ብርሽን አታውጪ። የድሮዋን 8 ጊጋ ደግሞ አውጪያት። አብራ ከገባች ሁሉንም ወደ 2666 ትጎትታቸዋለች።

መልስ፦ አንድ ነገር ልጨምር፣ እኔን ስላቃጠለኝ። 3600 ገዝቼ ስድስት ወር ሙሉ በ2133 ስሠራ ኖርኩ! ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው ማስተካከያ) ገብተሽ ኤክስኤምፒን (የራሙን ፍጥነት የሚያበራውን ምርጫ) ካላበራሽ ራሙ በተጻፈበት ፍጥነት አይሠራም። ከዚያ ታስክ ማናጀር ውስጥ ሜሞሪ የሚለው ላይ ፍጥነቱን እዪ። ስሎቶቹም ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር ሁለተኛውና አራተኛው ናቸው። አንደኛውና ሁለተኛው ላይ ከሰካሽ ሁለቱም በአንድ ቻናል ላይ ይሆናሉ።

ጠያቂዋ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። 3600 ሲኤል16 ስላጣሁ ሁለቱን 3200 ገዛሁ። መጀመሪያ 2400 ነበር የሚያሳየው፤ ኤክስኤምፒን ሳበራው 3200 ሆነ። ራም የሚፈትሸውን ፕሮግራም ሜምቴስት86ን ከፍቼ አሳደርኩት፣ አንድም ስህተት የለም። ዛሬ የሦስት ካሜራ ሠርግ ሳልቆም ቆረጥኩ። የድሮዋን ራም ለታናሽ ወንድሜ ኮምፒውተር ሰጠኋት፤ እሱም ዲዲአር4 ነው።