የላይብረሪው ጥያቄያችን ለማን ይቅረብ? የጋራ ሐሳብ ማርቀቂያ

የማኅበሩ ጸሐፊ፦

ውድ አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ባለፈው እሑድ «ስለ ላይብረሪው ለከንቲባው ደብዳቤ ይጻፍ» ብለን ተለያየን፤ ማርቀቁም ለእኔ ተሰጠ። ማክሰኞ ማታ ልጆቹን አስተኝቼ ስጀምር ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ቆምኩ። የጠየቅነው አራት ነገር ነው፦ የአማርኛ የልጆች መጻሕፍት እንዲጨመሩ፣ በደቡብ ሲያትል ቅርንጫፎች የአማርኛ ተረት ሰዓት በቋሚነት እንዲኖር፣ በፈረቃ የሚሠራ ወላጅ ልጁን ይዞ መምጣት እንዲችል የማታው ሰዓት እንዲረዝም፣ ከእኛ መካከል አንድ ሰው ላይብረሪውን የሚያስተዳድረው ቦርድ ውስጥ እንዲገባ። ከአራቱ ከንቲባው በራሳቸው ሥልጣን ሊጀምሩት የሚችሉት የመጨረሻውን ብቻ ነው። ደብዳቤውን እንዳለ ብንልከው ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል ተብለን እንቀመጣለን።

ስለዚህ የዋሽንግተን ስቴትን ሕግ አነበብኩት። ምዕራፍ 27.12 ነው፤ አያስቸግርም፣ ሁላችሁም ብታዩት ደስ ይለኛል። የከተማ ላይብረሪ አምስት የቦርድ አባላት አሉት። ከንቲባው ይሾማል፣ ምክር ቤቱ ያጸድቃል። የአገልግሎት ዘመኑ አምስት ዓመት ነው፤ ማንም ከሁለት ተከታታይ ዘመን በላይ አይቀመጥም፣ ደመወዝም የለውም። ወንበሮቹ የተደረደሩት በየዓመቱ አንዱ እንዲለቀቅ ሆኖ ነው። ደጋግሜ ያነበብኩት ግን ይህን ነው፦ ከንቲባው የሾመውን የቦርድ አባል ከንቲባው ራሱ ማንሣት አይችልም። የሚያነሣው የምክር ቤቱ ድምፅ ብቻ ነው።

ገንዘቡም እንዲሁ ተከፋፍሏል። ቦርዱ በየዓመቱ የሚያስፈልገውን ዘርዝሮ ለምክር ቤቱ ያቀርባል፣ ምክር ቤቱ መጠኑን ይወስናል። ገንዘቡ የሚቀመጠው ከተማው ካዝና ውስጥ ነው። አንዴ ለላይብረሪ ከተመደበ በኋላ ግን ለሌላ ጉዳይ አይነካም፤ አወጣጡን የሚቆጣጠረውም ቦርዱ ብቻ ነው። ዋናውን የላይብረሪ ኃላፊ የሚቀጥረውም ቦርዱ እንጂ ከንቲባው አይደለም። እኛ ካዝናውን የያዘ ሁሉንም ሲያዝ አይተን ስላደግን፣ ገንዘቡ አንድ ቦታ ተቀምጦ ማዘዣው ሌላ ሰው እጅ መሆኑን ለመቀበል እኔም ጊዜ ወስዶብኛል።

ሐሳቤ ደብዳቤው ለሁለት እንዲከፈል ነው፤ አንዱ ለቦርዱ፣ ሌላው ለከንቲባውና ለምክር ቤቱ። አስተያየታችሁን እጠብቃለሁ።

የቀድሞው ሊቀ መንበር፦

ልጄ፣ ድካምህን እግዚአብሔር ይቁጠርልህ። ሕጉን በደንብ አስረድተሃል፤ እኔ ግን አልተዋጠልኝም። ቦርዱን ማን መረጠው? አንተም አልመረጥከውም፣ እኔም አልመረጥኩትም። የምክር ቤት አባላት ግን በየምርጫው ደጃችን ይመጣሉ፣ ቡናችንን ይጠጣሉ፣ ድምፃችንን ይፈልጋሉ። ድምፃችን የሚሰማው እነሱ ዘንድ ነው። ምክር ቤቱ «ለአማርኛ መጻሕፍት ይህን ያህል ይመደብ፣ በዚህ ቅርንጫፍ ይቀመጥ» ብሎ ይወስንልን። ቦርዱ ከዚያ በኋላ እምቢ ይላል?

የማኅበሩ ጸሐፊ፦

ጋሼ፣ ጥያቄዎ ትክክል ነው፤ ቦርዱን ሕዝብ በቀጥታ አይመርጠውም። ግን ምክር ቤቱ «ይህ መጽሐፍ ይግባ» ብሎ እንዲያዝልን ከጠየቅን፣ ነገ ሌላ ወገን ቀርቦ «ይህ መጽሐፍ ይውጣ» ሲለው ምን እንላለን? ነገሩ ሩቅ አይደለም። እዚሁ ስቴት፣ ስፖኬን አጠገብ ባለችው በሊበርቲ ሌክ፣ በአንድ መጽሐፍ የተነሣው ክርክር እየሰፋ ሄዶ በ2023 ምክር ቤቱ የላይብረሪውን ፖሊሲ የመወሰን ሥልጣን ከቦርዱ ወደ ራሱ የሚያዞር ደንብ አጸደቀ። ያኔ ውድቅ ያደረጉት ከንቲባዋ ነበሩ። እኛ ቁጥራችን ትንሽ ነው። ትንሽ የሆነ ወገን መጻሕፍቱ በየምርጫው በሚለዋወጥ ድምፅ ሥር ባይወድቁ ነው የሚሻለው። ቦርዱ ከምርጫ ትንሽ ራቅ ብሎ የተቀመጠው ለዚህ ይመስለኛል፣ እኔም በዚህ ከልቤ አምናለሁ።

የቀድሞው ሊቀ መንበር፦

የመጽሐፍ ምርጫውን በተመለከተ ተቀብያለሁ። የሊበርቲ ሌክን አላውቅም ነበር። ገንዘቡን ግን አልለቅም! በ2024 ጸደይ ብዙ ቅርንጫፎች በተወሰኑ ቀናት ለሳምንታት ሲዘጉ ምክንያቱ ምን ነበር? የሠራተኛ እጥረት። እጥረቱ ከየት መጣ? ከተማው በጀት ጎድሎት ቅጥር በማገዱ። የበር መክፈቻ ሰዓቱን የሚያወጣው ላይብረሪው ነው፤ በሩን የሚከፍተው ሰው ደመወዝ ግን ከከተማው ነው የሚመጣው። ስለዚህ የማታው ሰዓት ጥያቄ ለቦርዱ ብቻ ቢቀርብ ባዶ እጁን ለሆነ ሰው «አብላን» ማለት ነው።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦

ልክ ነዎት ጋሼ፣ እኔ ያንን ለቦርዱ ብቻ አድርጌው ነበር። የሰዓቱ ጥያቄ ለሁለቱም ይሄዳል። ለቦርዱ «በበጀት ጥያቄያችሁ ውስጥ አስገቡት» እንላለን፤ ለምክር ቤቱ «ሲጠይቋችሁ አትቀንሱባቸው»።

የቅዳሜ አማርኛ አስተማሪ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ የማውቀው ከልጆቹ ወገን ያለውን ነው፤ ሕጉን ከጸሐፊያችን ነው የሰማሁት። ቦርዱና ምክር ቤቱ እንዴት ተጋግዘው እንደሚሠሩ ለማየት ግን የቅጣቱን ነገር አስታውሱ። ከ2020 በፊት መጽሐፍ ዘግይቶ ሲመለስ የገንዘብ ቅጣት ይቆጠር ነበር። የተማሪዎቼ እናቶች «ሁለት ብቻ ውሰድ» ይሉ ነበር። አሥር ተውሶ አንዱ ሶፋ ሥር ቢገባስ? ልጁ አሥር መርጦ፣ ደረቱ ላይ አቅፎ ይመጣና ስምንቱን መልሶ መደርደሪያው ላይ ያስቀምጣል። ያንን ፊት አልረሳውም።

ያ ቅጣት ከጃንዋሪ 2 ቀን 2020 ጀምሮ ቀረ። እንዴት ቀረ? የቅጣቱ ገቢ በጀት ውስጥ ስለነበር ዝም ብሎ መሰረዝ አይቻልም ነበር። በኦገስት 2019 የከተማው ሕዝብ የ219.1 ሚሊዮን ዶላር የላይብረሪ ሌቪ (ሕዝብ በድምፅ የሚያጸድቀው ተጨማሪ የንብረት ታክስ) ለ7 ዓመት አጸደቀ፤ ቅጣቱን ማስቀረት በውስጡ ተካቶ ነበር። ሌቪውን ለድምፅ ያቀረቡት ከንቲባዋና ምክር ቤቱ፣ ያጸደቀው ሕዝቡ፣ አሠራሩን የለወጠው ላይብረሪው። አንዳቸው ቢጎድሉ ልጁ እስከ ዛሬ ስምንት መጽሐፍ ይመልስ ነበር።

ገንዘብ ያዥ፦

መምህርት፣ ጥሩ አስታወሱን። የዚያ ሌቪ ዘመን በ2026 መጨረሻ ያልቃል። ከእሱ በፊት የነበረው የ2012ቱ 122.6 ሚሊዮን ነበር። ቀጣዩ ሲነደፍ ለምን ለምን እንደሚውል ይዘረዘራል፤ ስለዚህ የማታውን ሰዓት እዚያ ዝርዝር ላይ ለማስገባት አሁን ካልተነሣን ሰባት ዓመት እንጠብቃለን። እኔ በበኩሌ ከአራቱ ጥያቄዎች ይህን አስቀድማለሁ።

ሌላው፣ ሁለት ሦስት አባላት መጻሕፍት ሰብስበን እንስጥ ብላችኋል። ቦርዱ ስጦታ የመቀበል ሥልጣን በሕጉ ተሰጥቶታል። ግን ጓዳችን ውስጥ የከረመውን በካርቶን ጭነን ብንሄድ ሸክም ነው የምንጥልባቸው። አስቀድሞ መነጋገር ይሻላል። 23ኛው ጎዳናና የስለር ላይ ያለውን ዳግላስ ትሩዝ ቅርንጫፍ የምታውቁ ታውቃላችሁ። በ1914 የስለር ቅርንጫፍ ተብሎ የተከፈተ ነው፣ በ1975 ነው ለፀረ ባርነት ታጋዮቹ ለፍሬድሪክ ዳግላስና ለሶጆርነር ትሩዝ መታሰቢያ ስሙ የተለወጠው። እዚያ ያለው የአፍሪካ አሜሪካውያን ስብስብ የተጀመረው በ1965 የጥቁር ሴቶች ማኅበር አባላት ባበረከቱት መጻሕፍት ነው። ዛሬ ከ10,000 በላይ ሆኗል። እነሱ ሰጥተው አልሄዱም፣ አጠገቡ ቆመው አሳደጉት። እኛም የምናዋጣ ከሆነ በየዓመቱ የምንቀጥለው ይሁን።

የሬንተን አባል፦

ይቅርታ፣ ዘግይቼ ነው ያየሁት። አንድ ነገር ግን ሳይነሣ እንዳያልፍ። ግማሻችን ኪራይ ገፍቶን ሬንተን፣ ኬንት፣ ቱክዊላ ነው ያለነው። እኛ የሲያትል ላይብረሪ ሥር አይደለንም። የኪንግ ካውንቲ (ሲያትልንና በዙሪያዋ ያሉትን ከተሞች የሚያካትተው አስተዳደር) ላይብረሪ ራሱን የቻለ ዲስትሪክት ነው፤ የራሱ የንብረት ታክስ አለው፣ ቦርዱን የሚሾመው የካውንቲው አስተዳዳሪ ነው፣ የሚያጸድቀው የካውንቲው ምክር ቤት። ሬንተን ራሷ ድሮ የከተማ ላይብረሪ ነበራት። በ2010 በጥቂት ድምፅ ልዩነት ካውንቲው ውስጥ ገባች። ስለዚህ የሬንተን ከንቲባ ስለ መጽሐፋችን ምንም ማድረግ አይችልም፣ እኔም የሲያትል ምክር ቤት ፊት «መራጭህ ነኝ» ብዬ ብቆም ውሸት ይሆንብኛል። እኔ ከዚህ በፊት ሌላ ስቴት ስኖር ለተሳሳተ ምክር ቤት ደብዳቤ ጽፈን ስምንት ወር ጠብቀናል። ያ እንዳይደገም እለምናችኋለሁ።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦

ወንድሜ፣ ይህን ባታነሣው ትልቅ ስሕተት እንሠራ ነበር። ፊርማው በአድራሻ ይለያል። የሲያትል ነዋሪዎች ሁለቱን ደብዳቤ ይፈርማሉ። የካውንቲው ነዋሪዎች ሦስተኛ ደብዳቤ ለካውንቲው ላይብረሪ ቦርድ ይጽፋሉ፤ ፈቃደኛ ከሆንክ አንተ አርቅቀው። የልጆች መጽሐፍና የተረት ሰዓት ጥያቄው ያው ነው፣ የገንዘቡ ክፍል ግን ይለያል፤ ዲስትሪክቱ ከከተማ ምክር ቤት በጀት አይለምንም።

የሬንተን አባል፦

እሺ፣ አረቅቀዋለሁ።

የቅዳሜ አማርኛ አስተማሪ፦

አንድ ቃል ልጨምር። የትኛው መጽሐፍ ይገዛ የሚለውን ቦርዱም አይደለም የሚወስነው፣ ሥራው የላይብረሪው ባለሙያዎች ነው። የመጽሐፍ ግዢ ሐሳብ ማቅረቢያ ቅጽ አላቸው፣ ማንኛውም ካርድ ያለው ሰው ይሞላዋል። ይህን ለማድረግ ደብዳቤም ፊርማም አያስፈልግም። ደግሞ አሜሪካ ውስጥ የአማርኛ ርዕስ ሲመዘገብ በላቲን ፊደል እየተገለበጠ፣ ነጥብና ሰረዝ እየተደረገበት ነው። ልጆቹ ስሙን እኛ ቴክስት በምንጻጻፍበት ዓይነት ፊደል ሲጽፉት አያገኙትም፣ «የለም» ብለው ይመለሳሉ። መጽሐፉ ግን መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል! ርዕሱን በፊደላችን፣ ከጎኑ የተመዘገበበትን አጻጻፍ አድርጌ ዝርዝር ጀምሬያለሁ። የሚያግዘኝ ሰው ካለ ቅዳሜ ከክፍል በኋላ እንቀመጥ።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦

ሁሉንም ሰብስቤ እንዲህ አስተካክዬዋለሁ። እስከ እሑድ የሚቃወም ከሌለ ይህ ይሄዳል።

*ለላይብረሪው ቦርድ፦* «በቅርንጫፎቻችሁ የሚያድጉ ልጆች ወላጆች ነን። የአማርኛ ተረት ሰዓት በፈቃደኞች ትከሻ ላይ ብቻ ሳይሆን በዕቅዳችሁ ውስጥ ቋሚ ቦታ እንዲኖረው፣ የማታው ሰዓት ማራዘሚያ ለምክር ቤቱ በምታቀርቡት በጀትና በቀጣዩ የሌቪ ዝርዝር ውስጥ እንዲገባ እንጠይቃለን። ማኅበራችን ለአማርኛ የልጆች መጻሕፍት በየዓመቱ ለማዋጣት ዝግጁ ስለሆነ፣ ስጦታው በምን መልክ ቢቀርብ እንደሚጠቅም እንድትነግሩን እንፈልጋለን። የመጻሕፍቱን ምርጫ ለባለሙያዎቻችሁ እንተዋለን፤ ዝርዝር በማቅረብ እናግዛለን።»

*ለከንቲባውና ለምክር ቤቱ፦* «ምክር ቤቱ የመጽሐፍ ምርጫ ውስጥ እንዲገባ አንጠይቅም። የምንጠይቀው ቦርዱ የማታ ሰዓት ለማራዘም የሚያቀርበው ገንዘብ እንዳይቀነስ፣ በሚቀጥለው ሌቪም እንዲካተት ነው። በየዓመቱ ከሚለቀቀው የቦርድ ወንበር ለአንዱ ከማኅበረሰባችን የሚያመለክት ሰው ሲቀርብ በአግባቡ እንዲታይም እንጠይቃለን።»

ጋሼ፣ «እንዳይቀነስ» የሚለው የእርስዎ ነው፣ ይበቃል?

የቀድሞው ሊቀ መንበር፦

ይበቃል። «በአግባቡ እንዲታይ» የሚለው ግን ለስላሳ ነው። ደግሞም ማመልከቻ ሳናስገባ ሰው ይሾምልን ማለት አይሆንም። ሥራውን የምትችል፣ በየወሩ ስብሰባ የምትቀመጥ አንዲት ሰው አሁኑኑ እንፈልግ። እኔ መምህርቷን አስቤያለሁ።

የቅዳሜ አማርኛ አስተማሪ፦

ጋሼ፣ አክብረውኛል። የቅዳሜውን ክፍል የሚይዝልኝ ከተገኘ አስብበታለሁ። ያለዚያ አይሆንም።

ገንዘብ ያዥ፦

ቀኖቹን ልጻፍ። ከንቲባው በጀቱን ለምክር ቤቱ የሚያቀርቡት ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ ነው፣ ምክር ቤቱ የሚያጸድቀው በኖቬምበር። ቦርዱ ግን የራሱን ጥያቄ ከዚያ ቀድሞ ነው የሚያዘጋጀው። ስለዚህ የቦርዱ ደብዳቤ መጀመሪያ ይሂድ፣ የምክር ቤቱ ይከተል፤ ግልባጩ ለሁለቱም ይድረስ። የቦርዱ ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ከ2022 ወዲህ የስቴቱ ሕግ ውሳኔ በሚሰጥበት መደበኛ ስብሰባ የሕዝብ አስተያየት እንዲቀበሉ ያስገድዳል። ከእኛ አንድ ወላጅና አንድ ልጅ ይናገሩ።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦

«በአግባቡ» የሚለውን አውጥቼ «ለቃለ መጠይቅ እንዲጠራ» ብዬ ጽፌያለሁ። የቅዳሜውን ክፍል ባለቤቴ ለመያዝ ተስማምታለች፣ አሁን ነው የጠየቅኳት። ልጁ ማን ይሁን?

የቅዳሜ አማርኛ አስተማሪ፦

ስምንቱን መጽሐፍ ይመልስ የነበረው ልጅ አሁን ሃይስኩል ገብቷል። እናቱን ዛሬ ማታ እጠይቃታለሁ።