አሮጌው የእንጨት ሮለር ኮስተር ይጠገን ወይስ ሐዲዱ በብረት ይተካ?

ጠያቂ፦ የመዝናኛ ፓርኮች ያረጁ የእንጨት ሮለር ኮስተሮችን (ሰው ጭኖ ሽቅብ ቁልቁል የሚከንፍ የመዝናኛ ባቡር) ሐዲድ እየነቀሉ ብረት እያነጠፉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የተከፈተው «ቴክሳስ ጃይንት» በ2011 በብረት ሐዲድ ተመለሰ። አሜሪካ ውስጥ ሴዳር ፖይንት የሚባል ፓርክ ያለው «ሚን ስትሪክ»ም በ2016 ተዘግቶ በ2018 «ስቲል ቬንጀንስ» ሆነ። እኔን ይቆጨኛል። እንጨቱ መጠገን አለበት ባይ ነኝ።

የሁለት ልጆች አባት፦ ቁጭትህ ይገባኛል፤ ግን ተሳፋሪውንም አስብ። እንጨት ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ይበሰብሳል። አሜሪካ ውስጥ የነበረውን የእንጨት ሮለር ኮስተር «ሰን ኦፍ ቢስት»ን አስታውሱ። በ2000 ተከፈተ። በ2006 እንጨቱ ተሰንጥቆ ብዙ ሰው ተጎዳ። በ2012 አፈረሱት። እኔ ልጆቼን እንዲህ ያለ ነገር ላይ አላሳፍርም።

ጠያቂ፦ ወንድሜ፣ እሱ ከ60 ሜትር በላይ የተሰቀለ፣ ከልክ ያለፈ ሙከራ ነበር። እዚያው ፓርክ ውስጥ ያለው «ዘ ቢስት» ከ1979 ጀምሮ ሰው እየጫነ ነው፤ ርዝመቱ ከ2,200 ሜትር ያልፋል። ደግሞ «ቴክሳስ ጃይንት» ላይ በ2013 አንዲት ሴት ወድቃ ሞታለች። ሐዲዱ ያኔ ብረት ነበር። ወሳኙ ተሳፋሪውን ወንበሩ ላይ የሚይዘው መያዣና ፍተሻው ነው።

አናጺ፦ ስለ አሠራሩ ልናገር። ሐዲዱ አንድ ግንድ አይደለም። ሳንቃ በሳንቃ ላይ ተደራርቦ ይታሰርና ጎማው የሚሄድበት ላይ ብቻ ስስ ብረት ይለበጣል። ባቡሩ ሲያልፍ ምሰሶው ወዝወዝ ሲል አትደንግጡ፤ ኃይሉን የሚያሳልፈው እንዲህ ነው። ሠራተኛ ጠዋት ጠዋት በእግሩ እየሄደ ያየዋል፤ የላላ ብሎን ያጠብቃል፣ የተጎዳ ሳንቃ ይቀይራል። ይህ ሙያ ነው! ብረት ሲገባ ሙያውም አብሮ ይሄዳል።

ተማሪ፦ አንድ ነገር አልገባኝም። ሳንቃው ሁልጊዜ ከተቀየረ ቅርስ የምትሉት የቱን ነው?

አናጺ፦ አሠራሩን ነዋ፣ እህቴ። ኮኒ አይላንድ ያለውን «ሳይክሎን» ተመልከቺ። ምሰሶው ብረት ነው፣ ሐዲዱ እንጨት። ግን የእንጨት ነው የሚባለው፤ ምክንያቱም ጉዞውን የሚሰጠው ሐዲዱ ነው። የ1927 ሥራ ነው። በ1970ዎቹ ሊያፈርሱት ነበር፤ ሰዎች ተሟግተው አስጣሉት። በ1988 ኒው ዮርክ ቅርስ ብላ መዘገበችው። አውስትራሊያ፣ ሜልቦርን ባለው የ1912ቱ ሮለር ኮስተር ላይ ደግሞ ፍሬን የሚይዝ ሰው ባቡሩ ላይ ቆሞ አብሮ ይጓዛል። ያንን በብረት ቀይረሽ ምን ይቀርሻል?

የሁለት ልጆች አባት፦ የ1912ቱንና የ1927ቱን አትንኩ፣ እሺ። የ1990ዎቹን ግን ምን አደረጋቸው? ወገብ የሚሰብር ጉዞ ሲሆን ሰው ይሸሻል። ሰው ከሸሸ ፓርኩ ያፈርሰዋል። ከሚፈርስ ሐዲዱ ቢቀየር አይሻልም?

ጠያቂ፦ ከሚፈርስማ ይቀየር፤ እዚህ ላይ እውነት አለህ። ግን ቶሎ ተስፋ እየቆረጥን ነው። ፔንስልቬንያ ውስጥ በ1902 የተሠራው «ሊፕ ዘ ዲፕስ» በ1985 ተዘጋ። 14 ዓመት ቆሞ፣ ተጠግኖ፣ በ1999 እንደገና ሰው ጫነ። በእንጨቱ።