ሰርጋችን በሽሮ

ጠያቂ፣ ሚኒያፖሊስ፦
ሰላም ወገኖቼ። ሰርጋችን ሁለት ወር ቀርቶታል። የእናቴ ቪዛ ተከለከለ፤ እጮኛዬም ሥራ ስላቆመ የአዳራሹን ቀሪ ክፍያ መጨረስ አቅቶናል። ለከርሞ እናቆየው ወይስ በትንሹ እንወጣው? የደረሰበት ሰው ካለ ይንገረኝ።

መላሽ፣ አሌክሳንድሪያ (ቨርጂኒያ)፦
እህቴ፣ እኛ የቆረጥነው ቀን ጥር 14 ቀን 2008 ነበር፤ በፈረንጁ ጃንዋሪ 23፣ 2016። ዲሲ አካባቢ የነበረ ሰው ቀኑን ሲሰማ ይስቅብኛል። አርብ ከሰዓት የጀመረው በረዶ ቅዳሜ ማታ ድረስ አላባራም፤ ዳለስ አየር ማረፊያ 74 ሳንቲሜትር ግድም ተለካ። ቅዳሜና እሁድ ባቡርም አውቶቡስም የለም። አዳራሹ አርብ ጠዋት ደውሎ «ዘግተናል» አለን። የጠራነው 280 ሰው ነው! ዶሮው ሜሪላንድ አክስቴ ቤት፣ እንጀራው ጋጋሪዋ ዘንድ ቀረ።

ከአንድ ሚዜ ጋር ሁለት ማይል በእግሬ ሄድኩ፤ ከላይ ሱፍ፣ ከታች የሥራ ቦት ጫማ። በሩ ላይ «አናስገባም» ባይዋ የሚስቴ ታናሽ እህት ብቻዋን ነበረች፤ ብርዳችንን አይታ ቶሎ ለቀቀችን።

ለዚሁ ከጎንደር የመጡት አማቴ «ልጄን በሽሮ ልዳራት?» ብለው አለቀሱ። ሕንጻው ውስጥ ያሉ ሐበሾች ከፍሪዘራቸው እንጀራ አወጡ፤ ሳልቫዶራዊቷ ጎረቤት ሩዝና ባቄላ ይዛ መጣች። 19 ሰው ሆንን። ሚስቴ ቬሎዋን ሰብስባ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ቡና ቀዳች፤ እስከ በረካ። አባቷ እያንዳንዳችንን በስማችን እየጠሩ መረቁ። አዳራሽ ቢሆን ማይክ ይዘው ሁለት ቃል ብለው ይወርዱ ነበር። ከዚያ ቀን የማስታውሰው ድምፅ የእሳቸው ነው። ተክሊሉ በሳምንቱ እሁድ ደረሰልን።

አልዋሽሽም፣ የአዳራሹ ገንዘብ አንገብግቦኛል። ግማሹን ለማስመለስ ሁለት ወር ተነታረክን። አንቺም ውልሽን ዛሬውኑ አንብቢ፤ ቀን መቀየር ከመሰረዝ ሊረክስ ይችላል።

ለእናትሽ ደግሞ ስልኩን ሰው እጅ ላይ አታስይዢ፣ ማስቀመጫ ግዢለት። የኔ እናት ደሴ ሆና በቫይበር ስታይ ሚዜው እየጨፈረ ያዘውና ጣሪያችንን ብቻ አየች።

ጠያቂ፦
ወንድሜ ሳቅኩ፣ አለቀስኩም። ለእናቴ አነበብኩላት። «ሽሮው በቅቤ ነበር?» ብላለች።

መላሽ፦
በቅቤ ነው እንጂ፤ ጾም አልነበረም።