የጤና ኤክስቴንሽን ሙያ ይዤ ሜሪላንድ መጣሁ፤ እዚህ ሥራ ይሆነኛል?

ጥያቄ፦ ሰላም እህት ወንድሞቼ። ሰሜን ወሎ በአንድ ገጠር ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ነበርኩ። በዲቪ መጥቼ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ያለሁት፤ ለጊዜው ሆቴል ጽዳት እሠራለሁ። ሰው ሁሉ «ያ ወረቀትሽ እዚህ አይሠራም» ይለኛል። በቅርቡ ግን ኮሚዩኒቲ ኸልዝ ወርከር (የማህበረሰብ ጤና ሠራተኛ) የሚባል ሥራ እንዳለ ሰማሁ። ሥልጠናው ምን ያህል ይፈጃል? ከሠለጠንኩ በኋላስ የሚቀጥር አለ? እንግሊዝኛዬ ገና ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ደህና መጣሽ። እኔም እዚሁ ሜሪላንድ በዚሁ ሥራ ላይ ነኝ።

የነገሩሽ ግማሽ እውነት ነው። ሰርተፊኬትሽ እዚህ ነርስ አያደርግሽም። ይህ ሥራ ግን የነርስ ፈቃድ አይጠይቅም፤ መርፌ አትወጊም፣ መድኃኒት አታዢም። ቤት ታንኳኪያለሽ፣ ቁጭ ብለሽ ታዳምጫለሽ፣ ክትትል ያቋረጠችውን ነፍሰ ጡር ፈልገሽ ታገኛለሽ። አገር ቤት ስትሠሪው የኖርሽው ነው። ስታመለክቺ «ጤና ኬላ ሠርቻለሁ» ብለሽ ብቻ እንዳታልፊው፤ እዚህ ጤና ኬላ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ቀጣሪ ማግኘት ይከብዳል። ስንት አባወራ በእጅሽ እንደነበረ፣ የቤተሰብ ማህደር እንዴት እንደምትይዢ፣ 16ቱ የጤና ትምህርት ፓኬጆች ምን ምን እንደነበሩ፣ አንድ ሞዴል ቤተሰብ (ፓኬጆቹን ተምሮ በቤቱ የሚተገብር) ለማስመረቅ 96 ሰዓት ይሰጥ እንደነበር ዘርዝረሽ ጻፊ።

ሥልጠናው ረጅም አይደለም። የሜሪላንድ ጤና መምሪያ እውቅና በሰጠው ተቋም 100 ሰዓት ትምህርትና 40 ሰዓት የተግባር ልምምድ ነው። ቴክሳስ የምትገቢ ቢሆን 160 ሰዓት ነበር። እዚህ ሰርተፊኬቱ በሕግ ግዴታ አይደለም፣ ቢኖርሽ ግን ይጠቅምሻል። በነጻ የሚያሠለጥኑም ስላሉ ገንዘብ ከማውጣትሽ በፊት ጠይቂ።

አጥብቄ የምነግርሽ ስለ ቅጥሩ ነው። ብዙ ልጆቻችን ሠልጥነው፣ ሰርተፊኬት ይዘው፣ ቤት ተቀምጠዋል። አብዛኛው ቅጥር የሚቆመው በጊዜያዊ የእርዳታ ገንዘብ ነው። በኮቪድ ጊዜ ብዙ ሰው ተቀጠረ፣ ገንዘቡ ሲያልቅ ሥራውም አለቀ። ስለዚህ ቃለ መጠይቅ ላይ «ይህ ደመወዝ ከየት ነው የሚመጣው? እስከ መቼስ ነው?» ብለሽ ጠይቂ፤ ነውር የለውም። ከእ.ኤ.አ. 2024 ጀምሮ ሜዲኬር (በዋናነት የአረጋውያን የመንግሥት የጤና መድን) በሐኪም ሥር ሆነን ለምንሠራው አንዳንድ አገልግሎት መክፈል ጀምሯል። የሚኒሶታ ግዛት ደግሞ በእ.ኤ.አ. 2007 ባወጣው ሕግ በሜዲኬይድ (ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ሰዎች በሚሰጠው የመንግሥት መድን) እንዲከፈል አድርጓል። ከእንዲህ ያለ ክፍያ የሚመጣ ደመወዝ በእርዳታ ብቻ ከቆመው ይሻላል። የከፋይ አቅም ሳይለዩ የሚያክሙት የማህበረሰብ ጤና ማዕከላት ዘንድ መጀመሪያ ሞክሪ።

አንድ ነገር ያንገበግበኛል። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ፣ በማህበሩ አዳራሽ፣ የስኳርና የደም ግፊት ምርመራ ቀን ሲዘጋጅ፣ አማርኛ የሚችሉት ሴቶቻችን ሁሌ «በበጎ ፈቃድ» ይጠራሉ። ሐኪሙ ይከፈለዋል፣ ድንኳን አከራዩ ይከፈለዋል፣ ሰውን አሳምና ያመጣችው ልጅ ግን ምስጋና ብቻ ይዛ ትሄዳለች። አገራችን በ1995 ዓ.ም. ፕሮግራሙን ስትጀምር አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶችን አንድ ዓመት አሠልጥና፣ በየቀበሌው ሁለት ሁለት መድባ፣ በመንግሥት ደመወዝ ነው የቀጠረቻቸው። ደመወዙ ማነሱን አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ቢሆንም ደመወዝ ነበር፤ በየወሩ ይገባ ነበር። እኛስ እዚህ፣ በዶላር አገር፣ በነጻ የምንሠራው ለምንድን ነው?

ሥራው ደግሞ ቀላል አይደለም። ስኳር ያለባቸው አንዲት እናት ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየጾሙ የጠዋቱን ኪኒን በባዶ ሆድ ይውጡታል፤ ለሐኪሙ ግን አይነግሩትም፣ እሱም አይጠይቃቸውም። ጠይቀሽ አውቀሽ፣ መድኃኒቱ እንዲስተካከል ሐኪሙ ዘንድ፣ እንደ አስፈላጊነቱም ንስሐ አባታቸው ዘንድ የምትወስጂው አንቺ ነሽ። ሄፓታይተስ ቢም እንዲሁ ነው፤ ሰው «የወፍ በሽታ» እንዳይባል ይደብቃል እንጂ፣ አዋቂ ሁሉ ቢያንስ አንዴ እንዲመረመር ይመከራል።

ሌላ መልስ፣ ከእስራኤል፦ እዚህም ክሊኒክ ውስጥ የእኛ ሰዎች በሐኪሙና በበሽተኛው መካከል ተቀጥረው ይሠራሉ። ረፉዓ ሽሌማ የሚባለው ፕሮግራም ነው ያስጀመረው። ከዚያ በፊት ወላጆቼ ልጅ እያስተረጎሙ ይታከሙ ነበር። ልጅ ስለ እናቱ ማህፀን ሲያስተረጉም አስቡት።

ጠያቂዋ፦ እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንግሊዝኛዬ ግን ያሳፍረኛል፤ ልጠብቅ ወይስ ላመልክት?

መልስ፦ አትጠብቂ። የኮሚዩኒቲ ኮሌጁን የቋንቋ ትምህርት ጎን ለጎን ያዢው፤ ማስታወሻ በእንግሊዝኛ መጻፍ የግድ ነው። ሥራ ስትፈልጊ «አውትሪች ወርከር» እና «ፔሸንት ናቪጌተር» ብለሽም ፈልጊ፣ ስሙ ይለያያል። ውል ስትፈርሚ ደግሞ አስተርጓሚነት ሌላ ሙያ መሆኑን እንዳትረሺ። የፌደራል ገንዘብ የሚወስድ ክሊኒክ ለበሽተኛው በነጻ አስተርጓሚ ማቅረብ ግዴታው ነው፤ ያንን ሥራ ባንቺ ላይ ከደረቡብሽ ቤት የምትዞሪበት ሰዓት አይኖርሽም። ማመልከቻሽን ጽፈሽ ስትጨርሺ በውስጥ ላኪልኝ፣ አየዋለሁ።