ለጎረምሳ ልጅ የትኛው የግፊት መለኪያ ይሻላል? (ጥቆማ)

«ለ14 ዓመት ልጄ ግፊት መለኪያ ልገዛ ነው፣ የቱ ይሻላል?» ለሚል ወላጅ መልሴ አጭር ነው፤ ክንድ ላይ የሚታሰረውን ዲጂታል ግዙ። ግን ማሽን ከመምረጣችሁ በፊት የልጁን ክንድ በሜትር ለኩ። ከትከሻና ከክርን መሃል፣ ዙሪያውን።

ካፉ፣ ማለትም ክንድ ላይ የሚጠመጠመው፣ ከጠበበ ቁጥሩ ከእውነቱ ከፍ ይላል፤ ከሰፋ ዝቅ ይላል። ከብዙ ማሽኖች ጋር የሚመጣው ካፍ ከ22 እስከ 32 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ክንድ የተሠራ ነው። የቀጫጫ የ13 ዓመት ልጅ ክንድ 20 ሊሆን ይችላል። ወፈር ያለው የ16 ዓመት ልጅ ደግሞ 35። ሁለቱንም በዚያው ካፍ ብትለኩ ቁጥሩን አትመኑት። ልኩ ካፉ ላይ ተጽፏል፣ አገላብጣችሁ እዩ። ሌላ ልክ ያለው ካፍ ለብቻው የሚሸጥለት ሞዴል ምረጡ፤ ልጅ ያድጋላ! ስትራይድ ቢፒ የሚባለው ድረ ገጽ ደግሞ ተፈትሸው ያለፉ መሣሪያዎችን ይዘረዝራል፣ ለልጆች የሚሆኑትንም ለይቶ ያስቀምጣል።

የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረው ለመያዝ ይመቻል። ግን እጁ ከልብ ትይዩ ትንሽ ዝቅ ወይም ከፍ ካለ ቁጥሩ ይዛባል። ቁጭ በል ሲሉት ለማይቀመጥ ጎረምሳ አልመክረውም። ስማርት ሰዓትማ ይቅር። የአውሮፓ የደም ግፊት ማኅበር በ2022 ካፍ የሌላቸው መሣሪያዎች ለምርመራም ሆነ ለሕክምና ውሳኔ እንዳይውሉ መክሯል።

ፋርማሲ ላይ መለካት ፈጣን ነው። ችግሩ ብዙ ጊዜ ያለው ካፍ አንድ ዓይነት ብቻ ነው፣ ልጁም ከመንገድ እንደገባ ነው የሚለካው። ክሊኒክ ስትሄዱ «ለእሱ ክንድ የሚሆን ካፍ አላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ አትፈሩ። ዲጂታሉ ከፍ ካለ በማዳመጫ ይደገምለት። ክሊኒክ ከፍ፣ ቤት ደህና ከሆነ፣ ነጭ ጋውን ሲያይ ግፊቱ የሚወጣ ልጅ ሊሆን ይችላል። ያኔ ልጁ ላይ ቀንም ሌሊትም ታስሮ የሚቆየውን የ24 ሰዓት መለኪያ ጠይቁ፤ ተኝቶም ጭምር ይለካዋል። ካገኛችሁት ከሁሉም የምመርጠው እሱን ነው።

ቁጥሩስ? የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ የ2017 መመሪያ ከ13 ዓመት ጀምሮ ከ120/80 በታችን ጤናማ ይለዋል። የላይኛው ከ120 እስከ 129 ሆኖ የታችኛው ከ80 በታች ከሆነ ከፍ ያለ፣ ከ130/80 ጀምሮ የደም ግፊት ነው። ከ13 በታች ግን በዕድሜ፣ በጾታና በቁመት የተሠራ ሰንጠረዥ ይታያል። የአውሮፓው የ2016 መመሪያ ከ16 ዓመት ጀምሮ እንደ አዋቂ ከ140/90 ጀምሮ ያለውን የደም ግፊት ስለሚል ሁለት ሐኪም ሁለት ነገር ቢላችሁ አይግረማችሁ። ደግሞ በአንድ ቀን ልኬት በሽታው አለ አይባልም። በሦስት የተለያዩ ቀናት መደገም አለበት።

ስትለኩ ልጁ አምስት ደቂቃ ቁጭ ይበል። ጀርባው ይደገፍ፣ እግሩ መሬት ይንካ፣ ቀኝ ክንዱ ይገለጥ። ወሬም ስልክም የለም (ስልኩን መቀበል ከልኬቱ በላይ ይከብዳል)። ቡናና ኢነርጂ ድሪንክ ከጠጣ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። የሚወስደው መድኃኒት ካለ ለሐኪሙ ንገሩት፤ አፍንጫ የሚከፍቱ አንዳንድ የጉንፋን መድኃኒቶች ግፊት ይጨምራሉ።

ከ180/120 ካለፈ፣ ወይም ከፍ ብሎ ከባድ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ካለ፣ ቤት እየደጋገማችሁ አትለኩ። ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።