ስታርክራፍት የሚባለው ጌም በኬብል አልገናኝ አለን፤ ቶሎ የምታውቁ!

የሰፈር ልጅ፦ ሰላም ቤተሰብ። አራት ላፕቶፕ በስዊች (ኬብሎቹ የሚሰኩበት ሳጥን) አገናኝተናል፣ ልጆቹ ቁጭ ብለው እየጠበቁ ነው። መልቲፕሌየር ገብቼ አይፒኤክስ የሚለውን ስመርጥ እምቢ ይላል። አይፒኤክስ ከየት ነው የሚጫነው? ኬብል ቀይሬያለሁ። በናታችሁ ቶሎ!

ሰርኪት፦ ዊንዶውሱ ስንት ነው? የጌሙስ ቨርዥን?

ቀይ ኬብል፦ ፋየርዎሉን (ከውጭ የሚመጣ ግንኙነትን የሚያግደውን ፕሮግራም) አጥፋው።

ጋሽ ሞደም፦ ልጆች፣ አይፒኤክስ የኖቬል ኩባንያ ፕሮቶኮል ነው፣ ኮምፒውተሮች የሚነጋገሩበት ደንብ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የነበሩ ጌሞች የወደዱት ያለ ምክንያት አይደለም። አድራሻውን ከኔትወርክ ካርዱ ቁጥር ስለሚወስድ ማንም ቁጭ ብሎ ቁጥር አይሞላም። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ዱም የሚባለው ጌም በኔትወርክ ሲጫወቱት በዚሁ ነበር የሚሠራው። የዱም የመጀመሪያው ቨርዥን መልእክቱን ለሁሉም ኮምፒውተር ስለሚበትን የዩኒቨርሲቲዎችን ኔትወርክ አጨናንቆ ነበር፤ በ1.2 ተስተካከለ።

ዜርግ ነኝ፦ ፋየርዎል ነው፣ አጥፋው። እስከዚያ ካርታ ተጫወቱ፣ ካርታ ፕሮቶኮል አይፈልግም 😂

የሰፈር ልጅ፦ አጠፋሁት፣ ለውጥ የለም። ሁሉም ዊንዶውስ 10 ነው። ጌሙ ከድሮ ሲዲ የተጫነ 1.05።

ደመና፦ ለምን በኢንተርኔት አትጫወቱም? ጌሙ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በነፃ ይወርዳል እኮ።

የሰፈር ልጅ፦ ዋይፋይ የለም፣ የስልክ ዳታ ብቻ ነው ያለን።

ሰርኪት፦ በቃ ተገኘ። አይፒኤክስ መፈለግህን ተው፤ ማይክሮሶፍት ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ከዊንዶውስ ውስጥ አስወግዶታል። ስታርክራፍት ራሱ በ1.09 ቨርዥን ዩዲፒ የሚባል ሌላ ፕሮቶኮል ጨምሯል፣ ያንተ ግን ከዚያ በፊት ያለ ነው። የ1.16.1ን ማሻሻያ በአንዱ ላፕቶፕ አውርድና በፍላሽ ለሌሎቹ አዳርስ። አራቱም ላይ ቁጥሩ አንድ ይሁን፣ አለዚያ አብራችሁ አትገቡም። ከዚያ በአይፒኤክስ ፋንታ ዩዲፒ የሚለውን የሎካል ኔትወርክ ምረጡ።
ራውተር ስለሌላችሁ አድራሻ በእጅ ስጡ፦ 192.168.1.1፣ ቀጣዩ 192.168.1.2፣ እያለ ይሄዳል። ማስኩ 255.255.255.0። መጀመሪያ ፒንግ አድርጉ፣ አንዱ ላፕቶፕ ሌላውን ማግኘቱን የሚፈትን ትእዛዝ ነው። ፋየርዎሉንም መልሳችሁ አብሩና ጌሙን ብቻ ፍቀዱለት።

ቀይ ኬብል፦ እኔም ፋየርዎል ብዬ ነበር።

የሰፈር ልጅ፦ ወንድሜ ተባረክ! ሦስቱ ተገናኙ! አራተኛው ግን ፒንግ ይመልሳል፣ የተከፈተውን ጌም አያይም።

ደመና፦ እሱን ተመልካች አድርጉት።

ሰርኪት፦ አይ፣ ይጫወታል። ያ ላፕቶፕ ላይ ቨርቹዋል ቦክስ (በኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር የሚያስነሳ ፕሮግራም) ወይም ቪፒኤን (ግንኙነትን በሌላ ኔትወርክ በኩል የሚያሳልፍ ፕሮግራም) አለ? ካለ በሶፍትዌር የራሱን ኔትወርክ ካርድ ይፈጥራል። ጌሙ «ማን አለ?» ብሎ የሚበትነው ጥሪ በዚያ በኩል ወጥቶ ሊቀር ይችላል። ፒንግ አንድ አድራሻ ለይቶ ስለሚሄድ ግን ይሠራል። በኔትወርክ ኮኔክሽንስ ገብተህ ከኬብሉ በስተቀር ሌላውን ሁሉ ዲሴብል አድርግና ጌሙን እንደገና ክፈት።

ጋሽ ሞደም፦ ዋይፋዩንም ጭምር።

ሰርኪት፦ እሺ፣ የሰፈር ልጅ? ተገኘ?